ኢንተርኔቱ ሲያዘግም ከመክፈል በፊት መለካት

የመርካቶ ሥራ የሚጀምረው ሱቅ ሲከፈት ነው የሚል ሰው ከቻይና ዕቃ አስመጥቶ አያውቅም። ጓንዡ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ነው። የድር ተራ ነጋዴ የጨርቁን ቀለም በቪዲዮ የሚያየው፣ ዋጋ የሚከራከረው፣ የጭነቱን ሰነድ የሚቀበለው ገና ቁርስ ሳይቀርብ ቤቱ ተቀምጦ ነው። በመሆኑም የቤት ኢንተርኔት ሲያዘግም የልጆች ፊልም መቆራረጡ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ዛሬ ማለቅ የነበረበት ትእዛዝ ለነገ ያድራል።

ችግሩ በተደጋገመ ቁጥር የሚወሰደው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት። ይህ ውሳኔ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁንና ከአቅራቢው ማዕከል ተነስቶ እስከ ስልካችን ድረስ ያለውን መንገድ ብናስብ፣ ፓኬጅ መጨመር የሚያሰፋው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። የጠበበው ቦታ ሌላ ከሆነ ገንዘቡ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

በቅድሚያ ሚዛኑን ማጥራት ያስፈልጋል። ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን፣ ስልክና ኮምፒዩተር የፋይል መጠን የሚያሳዩት በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የገዛ ሰው፣ መስመሩ ያለ እንከን ቢሠራለት እንኳ በሰከንድ የሚወርድለት 1.25 ሜጋባይት ነው፤ 60 ሜጋባይት የሆነ የናሙና ቪዲዮ 48 ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህንን አይቶ «አሥር ከፍዬ አንድ ደረሰኝ» ብሎ የሚያማርር ደንበኛ፣ ቡና በኪሎ ተዋውሎ በፈረሱላ እንደሚመዝን ሰው ነው። የጎደለበት የለም። (በ1989 ዓ.ም ኢንተርኔት ወደ አገራችን ሲገባ የስልክ መስመር ሞደም ጣሪያው 56 ኪሎቢት ነበር። በዚያ ፍጥነት አንድ ሜጋባይት ብቻ ለማውረድ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ትዕግሥት የነበረው ትውልድ ነው።)

ሚዛኑ ከጠራ በኋላ ልኬቱ ይከተላል። ላፕቶፕን በኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች በሙሉ ከዋይፋይ ማላቀቅ፣ ከዚያ ከነፃዎቹ የፍጥነት መለኪያዎች በአንዱ መለካት ነው። ወዲያው ኬብሉን ነቅሎ፣ ሁልጊዜ ከሚሠራበት ወንበር ላይ ሆኖ በዋይፋይ መድገም። ይኸው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቢደረግ ሙሉ ሥዕል ይሰጣል። በኬብል ጥሩ፣ በዋይፋይ ደካማ ከሆነ በሽታው ያለው ከግድግዳው ወዲህ ነው፤ አቅራቢውን ማማረር ዋጋ የለውም።

በአዲስ ከተማ ቤቶች ይህ ቢያጋጥም አያስገርምም። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ቆርቆሮ ይመልሰዋል፣ ኮንክሪት ያዳክመዋል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ዕቃም አያሳልፈውም። ራውተሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው መስመሩ በገባበት ማዕዘን፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከቁም ሣጥን ሥር ነው። ከፍ ባለና መሐል ላይ በሚገኝ ቦታ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ሩቅ ይደርሳል፣ ግን ዝግ ያለ ነው፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ፈጣን ሆኖ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። በአንድ ፎቅ ላይ 20 ሱቅና 20 ራውተር ባለበት ሕንፃ ውስጥ በ2.4 ላይ ያለው መጨናነቅ የአውቶቡስ ተራን የበዓል ዋዜማ ይመስላል። በዚህ ሞገድ እርስ በርስ ሳይረባበሹ አብረው መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። የጎረቤቶቹ ራውተሮች በየትኛው ቻናል ላይ እንደተከማቹ በስልክ ፕሮግራም አይቶ ወደ ባዶው መሸሽ ይቻላል። 5 ጊጋኸርዝ ካለ ግን ቀላሉ መንገድ ለሥራ የሚሆነውን መሣሪያ ወደዚያ ማዛወር ነው።

ነጋዴውን ይበልጥ የሚጎዳውና ብዙም የማይጠረጠረው ግን የመላኪያው ፍጥነት ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚሠራው የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. መስመር ላይ መላኪያው ከመቀበያው እጅግ ያንሳል፤ ቴክኖሎጂው ሲነደፍም እንደዚያው ነው። የአንድ ልጅ ስልክ ከሠርግ የመጣ 300 ፎቶግራፍ ራሱ በራሱ ወደ መጠባበቂያ ማከማቻ መጫን ከጀመረ፣ ጠባቧ የመላኪያ መስመር ትሞላለች። የሚወርደውም ነገር «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚል ትንሽ መልእክት በየጊዜው መመለስ ስላለበት፣ መላኪያው ሲዘጋ መቀበያውም አብሮ ይንቀራፈፋል። አባት ቻይና ያለውን ሻጭ በቪዲዮ ሲያነጋግር ምስሉ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የስልኮቹን መጠባበቂያ ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ፣ የኮምፒዩተሩንም የራስ ሰር ማሻሻያ እንደዚያው ማዘዝ፣ ፓኬጅ ከመጨመር በፊት ሊሞከር የሚገባው ነው። ለጎረቤት ሱቅ የተሰጠ የይለፍ ቃልም መታሰብ አለበት። ዝምድናው ሳይበላሽ ቃሉን መቀየር የየራስ ዘዴ ይጠይቃል።

በኬብል የተለካው ራሱ ዝቅተኛ ከሆነና በየትኛውም ሰዓት ካልተሻሻለ፣ መስመሩ ይመረመራል። የመዳብ መስመር ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በክረምት ደግሞ መጋጠሚያው ውሃ ይገባዋል። የስልኩን እጀታ አንስቶ መስማት ጥሩ ምርመራ ነው፤ ጭርጭርታ ካለ ኢንተርኔቱም ተጎድቷል። በፋይበር ከሆነ በመሣሪያው ላይ ኤል.ኦ.ኤስ. የሚለው መብራት ቀይ ሲሆን ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያኔ ችግሩ መዝገም ሳይሆን መቋረጥ ነው። በመጋዘን ጣሪያ ለሚያልፍ ኬብል ደግሞ የአይጥን ነገር መርሳት አይገባም።

ጠዋት ደህና ሆኖ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ የሚወርድ ፍጥነት ሌላ ነገር ያመለክታል። አንድ የፋይበር ግንድ ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኛ ይከፋፈላል፤ ሰፈሩ በሙሉ ፊልም ሲከፍት ድርሻ ያንሳል። እዚህ ላይ ፓኬጅ መጨመር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ከመስከረም 2015 ዓ.ም ጀምሮ ሳፋሪኮም ለሕዝብ አገልግሎት በመስጠቱ ምርጫ ያለ ቢሆንም፣ የሞባይል ኔትወርክም እንዲሁ ሲጨናነቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከመቀየር በፊት በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት፣ በሲም ካርድ መሞከር ነው።

የአገር ውስጡ ልኬት ጥሩ ሆኖ የውጭው ብቻ የሚያዘግምበት ጊዜም አለ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም በቀይ ባሕር በርካታ ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፤ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ በጅዳ አቅራቢያ በደረሰ ጉዳት በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ ኢንተርኔት ተዳክሟል። በመለኪያው ላይ አንዴ የአዲስ አበባ፣ አንዴ የዱባይ ወይም የአውሮፓ ጣቢያ መርጦ ማወዳደር ይህንን ይለያል። ከመጠበቅ በቀር ቤት ውስጥ የሚደረግ መፍትሔ የለውም።

ከፍ ያለ ፓኬጅ ተገቢ የሚሆነው፣ በኬብል የሚለካው በሁሉም ሰዓት ከውሉ ጋር ገጥሞ ቤተሰቡና ሥራው ግን ከዚያ በላይ ሲፈልግ ነው። ከውሉ በታች ሆኖ ከተገኘ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ወደ 994 ይደውላል። ሲደውል የሦስት ቀን ልኬት፣ ሰዓቱና በኬብል መለካቱ ጭምር ተጽፎ በእጁ ቢኖር ክርክሩ ያጥራል። ራውተሩንም አስቀድሞ አጥፍቶ ማብራት ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ መሆኑ አይቀርም።