የእርባታ በጎችን የሚጎዱ ጥገኛ ትሎችና የአደጋው መነሻዎች

ለእርባታ የምትገዛ በግ ዋጋዋ የሚመዘነው በሥጋዋ ብቻ ሳይሆን በምትወልዳቸው ግልገሎች ቍጥርና ጤንነትም ጭምር ነው። ጉበቱ በቄራ የተጣለ አንድ ሙክት የአንድ ቀን ኪሣራ ነው፤ በትል የተጎዳች እናት በግ ግን የበርካታ ዓመታት ኪሣራ ታስከትላለች። እንደ መንዝ ባሉት ደጋ አገሮች የበግ እርባታ የብዙ ገበሬዎች ኑሮ መሠረት ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ለአርቢውም ለነጋዴውም ይበጃል።

የመጀመሪያው መነሻ የግጦሹ ቦታ ነው። የጉበት ትል እንቍላል ከበጠጥ ጋር ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። እጩም በረግረግ ዳር በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከአንዱም በመቶ የሚቈጠሩ ይወጣሉ። እነዚህ በሣር ላይ ተጣብቀው ይቆዩና ከሣሩ ጋር ይበላሉ። ጉበቱን እየበሱ ካለፉ በኋላ ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብተው፣ ከተበሉ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቍላል መጣል ይጀምራሉ። ከክረምት በኋላ ሌላው መስክ ሲደርቅ መንጋው ለለምለም ሣር ወደ ረግረጉ መውረዱ አደጋውን የሚያበዛው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው መነሻ የእናቲቱ ሁኔታ ነው። በአራተኛው ጨጓራ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል አለ፤ አንዲት እንስት ትል በቀን 5,000 እና ከዚያም በላይ እንቍላል ልትጥል ትችላለች። 1,000 ትሎች በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያባክናሉ። ያደገች በግ ትሉን የመቋቋም ኃይል ቢኖራትም፣ ይህ ኃይል ከመውለዷ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ማጥባቷ ወራት ይደክማል። መኖ ካነሣት ወይም መንታ ካረገዘች ድካሙ ይብሳል። በመስኩ የሚበተነውም እንቍላል በዚያን ጊዜ ይበዛል፤ ገና መቋቋም ያልቻሉት ግልገሎች ሣር መቅመስ የሚጀምሩት በዚያው መስክ ላይ ነው።

ሦስተኛው መነሻ የበረቱ መጨናነቅ ነው። ቅማልና ክንፍ የሌለው ደም መጣጭ የበግ ዝንብ በንክኪ ይተላለፋሉ። በቆዳው ላይ የሚያደርሱት ጉድለት በገበያ አይታይም፤ በፋብሪካ ጠጕሩ ከተነሣ በኋላ ይገለጣል እንጂ። ዋጋውም ያን ጊዜ ይወድቃል።

መድኃኒት በግምት ሲሰጥ ገንዘብ ያባክናል። አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይገድልም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን የጉበት ትል ብቻ ነው፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ላለች በግም አይሰጥም። ትሪክላቤንዳዞል ግን ገና ያላደገውንም ይገድላል። ከተወሰነው መጠን አሳንሶ መስጠት ትሎቹ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ያደርጋልና፣ ምርጫውና መጠኑ በእንስሳት ሐኪም ምክር ሊሆን ይገባል።

ገዥውም ዋጋ ከመቍረጡ በፊት የበጊቱን የዓይን ሽፋን ገልጦ ይመልከት፤ ውስጡ ከነጣ ወይም ከመንጋጋዋ ሥር እብጠት ካለ፣ ደሟ በትል ሳይመጠጥ አልቀረም። አዲስ የተገዛችም በግ ተመርምራና ታክማ ሳትጨርስ ከመንጋው አትቀላቀል። አንዲት በግ በርካሽ ተገዝታ የመንጋውን መስክ ከበከለች፣ በግዢው የተረፈው ገንዘብ ኪሣራውን አይሸፍነውም።