ምዕራፍ 6፦ አስታማሚና ግቡ

ትልቅ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። መጦር ወግ ስለሆነ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሕመሙ ወር አልፎ ዓመት፣ ዓመት አልፎ ዐሥር ዓመት ሲሆን ግን አስታማሚው በልቡ «እስከ መቼ?» ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ማሰቡ ክፉ ልጅ አያሰኘውም፤ የድካሙ መድረሻ አልታይ ብሎት ነው።

የእግር ዝሆኔን እንውሰድ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ መካከል ባለችው ደምበጫ እና በምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ኤልያስ ወረዳዎች 51,000 ያህል ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 3.3 በመቶው ዝሆኔ ነበረባቸው። በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳ ይገቡና እግሩን ያሳብጡታል። ተጋላጭነቱ በዘር ስለሚወረስ በአንድ ቤት ሁለት ታማሚ ሊገኝ ይችላል። ሕመሙ በዓመት ደጋግሞ ሲነሣ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ለቀናት ያስተኛል። በእርሻ ወቅት ከሆነ ታማሚውም አስታማሚውም ከማሳ ይቀራሉ።

እንክብካቤው በየቤቱ ሊሠራ የሚችል ነው። ምራት ማታ ሳፋውን ታቀርብና የአማቷን እግር በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥባለች። ጤና ባለሙያው ባሳያት መጠን በረኪና በተጨመረበት ውሃ ትዘፈዝፈዋለች። የጣቶቹን መካከል በንጹሕ ጨርቅ አድርቃ ቫዝሊን ትቀባለች፤ ከዚያ ፋሻውን ከጣት ጀምራ ወደ ላይ ትጠቀልላለች። «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ» ትባላለች። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እያየች ያደገች ሴት የዚህን ሥራ ክብር የሚነግራት አያስፈልጋትም።

ክብርና ምርቃት ግን ብቻቸውን ዐሥር ዓመት አያሻግሩም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ሪፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት መለኪያ የሕይወት ዓላማ ከስድስቱ የአእምሮ ደኅንነት ገጽታዎች አንዱ ነው፤ ኑሮዬ ግብና አቅጣጫ አለው ብሎ መኖር ማለት ነው። የአስታማሚስ ግብ ምን ይሁን? በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ መንገድ ያሳያል። ይህንኑ እንክብካቤ ተምረው የጀመሩ ታማሚዎች፣ ገና ካልጀመሩት ጋር ሲነጻጸሩ ሕመሙ የሚነሣባቸው ጊዜ አነሰ። ትምህርቱ የተሰጠው ታማሚዎቹ ራሳቸውን እንዲንከባከቡ ነበር።

ስለዚህ ግቡ ታማሚውን ወደ ሥራውና ወደ ማኅበሩ መመለስ ነው። እጃቸው የሚሠራ እናት አንዱን እግራቸውን ራሳቸው ይጠቡ፤ ቀስ ቢሉም ሥራውን አይቀሙ። ሕመሙ የተነሣበትን ቀን ልጅ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ከወራት በኋላ መቀነሱ ሲታይ አስታማሚው ድካሙ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ጫማና ካልሲ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ገና ላልታመሙት ልጆችም ይገዛ።

ሥራውም በአንድ ሴት ትከሻ ላይ አይቅር። ለአጨዳ ደቦ የሚጠራ ቤት ለማስታመምም መጥራት ይችላል፦ አንዱ ውሃ ይቅዳ፣ ሌላው ጤና ጣቢያ ያድርስ። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ብር መላኩ መልካም ነው፤ ለበዓል ሲመጣ ግን ፋሻ አጠቃለሉን ይማርና ሳፋውን ይረከብ። ምራቲቱ በዚያ ሳምንት ቡሬ ወርዳ እናቷን ትጠይቅ።