ስለ ስልክ ገንዘብና ስለ ምስጢር ቍጥሩ

(ከራዲዮ ንግግሮች የተወሰደ)



የሰው ልጅ አዲስ ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ ይፈራል፤ ከፈራም በኋላ ይለምዳል፤ ከለመደም በኋላ ይዘነጋል። ይህ የቈየ ጠባዩ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ይኸውም በእጅ ስልክ የሚቀመጠውና የሚላከው ገንዘብ፣ ፍርሃትም ልማድም መዘንጋትም ያለበት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ በምትገኘው በከሚሴ ከተማ ገበያ የቆመ ሰው ስለዚሁ ነገር ልዩ ልዩ አስተያየት ይሰማል። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ፣ በእጅ ያልተጨበጠ ገንዘብ ገንዘብ አይባልም ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ፣ ብር በጉያ ቋጥሮ መዞር ያለፈ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። ማንበብ ያልተማሩት ብዙዎች ግን ከሁለቱም ሳይከራከሩ፣ ልጄ ሁሉን ያደርግልኛል ብለው ስልካቸውን ለልጅ ይሰጣሉ። ሦስቱም አስተያየት የየራሱ እውነት አለው፤ የሚበልጠው አደጋ ያለው ግን ማንም በማይከራከርበት በሦስተኛው ዘንድ ነው።

በመጀመሪያ የሽማግሌዎቹን ጥርጣሬ እንመልከት። ይህ ጥርጣሬ በአገራችን ሲነሣ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። «ብር» የሚለው ቃል ራሱ በመሠረቱ የማዕድን ስም ነው። አባቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር የሚቀበሉት በምስሉ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቈጥረው፣ አገላብጠው መርምረው ነበር። የአቢሲንያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ ሕዝቡ ወረቀቱን ትቶ ብሩን መረጠ። በሐምሌ ወር 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣም የ50 ሳንቲሙ ከብር ማዕድን የተሠራው ይህ የሕዝቡ ጠባይ ስለ ታወቀ ነው። ዛሬ ግን ወረቀቱን «ብር» ብለን ስንጠራ የሚገረም ሰው የለም። ወረቀቱ ዋጋ ያገኘው በወረቀትነቱ ሳይሆን ሕግና እምነት ከበስተኋላው ስለ ቆሙለት ነው።

የስልክ ገንዘብም ነገር እንደዚሁ ነው። ጐረቤታችን ኬንያ ኤም-ፔሳ የተባለውን አገልግሎት በ1999 ዓ.ም. ጀመረች። በአገራችን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በፈቃድ ይህን ሥራ እንዲሠሩ መንገድ ከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤም-ፔሳን በ2015 ዓ.ም. አስከተለ። በሥርዐቱ መሠረት ድርጅቱ በደንበኞች ስም ለመዘገበው ገንዘብ እኩያውን በባንክ ማስቀመጥ አለበት።

ብዙ ሰው ገንዘቡ በስልኩ ሆድ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። ገንዘቡ ያለው በድርጅቱ መዝገብ ነው፤ ስልኩ መዝገቡን ማያ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ ባለቤቱ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ሲም ካርዱን ሲያስተካ ሒሳቡን እንደ ነበረ ያገኘዋል። ይህም የሚሆነው ምስጢር ቍጥሩን ሌላ ሰው ያላወቀበት እንደ ሆነ ነው።

ወደ ወጣቶቹ አስተያየት ስንመለስ፣ እውነት አላቸው። ከጨፋ ሜዳ ሰንጋ ነድቶ ያወጣ አርብቶ አደር ዋጋውን በመቀነቱ ቋጥሮ በምሽት ከሚመለስ ይልቅ ገንዘቡ በስሙ ተመዝግቦ ባዶ እጁን ቢሄድ ይሻለዋል። አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅም ለወላጆቹ የሚልከውን ብር መንገደኛ እስኪያገኝ አይጠብቅም። ነገር ግን አገልግሎቱ ያለ ኔትወርክ አይሠራም። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቈየቱ የሚታወስ ነው። *127# በመደወል የሚሠራው መንገድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኔትወርኩ ፈጽሞ የጠፋ ጊዜ ግን እርሱም አይሠራም። ስለዚህ ለመድኃኒት፣ ለመንገድና ለቀለብ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በቤት ማስቀመጥ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚነጋገር ሕዝብ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠረ አባት የግእዙን ፊደል ያነብባል፤ በትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጁ በቁቤ ያነብባል፤ እናቲቱ ሁለቱንም የማታነብበት ቤት ደግሞ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በስልኩ ላይ የሚጻፈው መልእክት በማናቸውም ፊደል ቢሆን ከቤተ ሰቡ አንዱ አንባቢ ያስፈልገዋል። አንባቢውም ልጁ ወይም የሱቅ ጐረምሳ ይሆናል። ስልኩ ለርሱ በተሰጠ ጊዜ ምስጢር ቍጥሩም አብሮ ይነገረዋል።

በወሎ አማና የሚለው ቃል ክብደት አለው። አማና የበላ ሰው በአገር ፊት ይዋረዳል። ነገር ግን አማና የተባለ ዕቃ ሲጠየቅ ይመለሳል፤ የተነገረ ቍጥር ግን ተመልሶ አይወሰድም። መዝገቡም የሚያውቀው ቍጥሩን ነው፤ ቍጥሩን የጫነው የማን ጣት እንደ ሆነ አይለይም። አንድ ቀን ከሒሳቡ ገንዘብ የጐደለ እንደ ሆነ ቍጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ይጠረጠራል። ያልወሰደው ልጅ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት ምስክር የለውም፤ የወሰደውም ሰው ለመካድ ይመቸዋል። በዚህ ምክንያት አባትና ልጅ በሽማግሌ ፊት እስከ መቆም ይደርሳሉ። እንግዲህ ምስጢር ቍጥርን ከልጅ መሠወር ልጅን አለማመን ሳይሆን ከሐሰት ወቀሳ መጠበቅ ነው።

መድኀኒቱም ረጅም ትምህርት አያሻውም። ጽሕፈቱ በአማርኛ ቢሆን ወይም በአፋን ኦሮሞ አኃዞቹ አይለወጡም፤ ከ0 እስከ 9 ዐሥር ብቻ ናቸው። አንዲት እናት እነዚህን ዐሥር አኃዞች ለይታ ብታውቅ ምስጢር ቍጥሯን በገዛ ጣቷ ለመጫንና ቀሪ ሒሳቧን ለማንበብ ይበቃታል። ልጁ ጽሕፈቱን ያንብብላት፤ ቍጥሩ የሚጫንበት ቦታ ሲደርስም «እማ፣ አሁን ቍጥርሽን አስገቢ» ብሎ ፊቱን ዞር ያድርግ። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ማለትን ለልጆቻችን እንዳስተማርን ሁሉ ይህንም ጨዋነት ልናስተምራቸው ይገባል። ቍጥሩን ከዚህ በፊት ለሌላ የነገረ ሰው ካለም ዛሬውኑ ይለውጠው።

በገበያም የሚያጋጥም ሌላ ማታለል አለ። ሰንጋ ገዢው «ልኬልሃለሁ» ብሎ በስልኩ ላይ የተጻፈ መልእክት ያሳያል፤ ወይም የሐሰት መልእክት ወደ ሻጩ ስልክ ይልካል። መልእክት የገንዘብ ወሬ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በገዛ ስልኩ ቀሪ ሒሳቡን ተመልክቶ መጨመሩን ሳያረጋግጥ የሰንጋውን ገመድ ከእጁ አይልቀቅ። «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩን» እያለ የሚደውልም ሰው ይኖራል። ሽልማት የሚሰጥ ሰው የሌላውን ቁልፍ አይጠይቅም። በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸመውን ማታለል ዐዋጅ ቍጥር 958/2008 በወንጀል ይቀጣል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የሄደን ገንዘብ ተከታትሎ ማስመለስ ቍጥርን ከመጠበቅ ይልቅ እጅግ አድካሚ ነው።

በጠቅላላው የስልክ ገንዘብ ሽማግሌዎቹ እንደ ጠረጠሩት ባዶ ነገር አይደለም፤ ወጣቶቹ እንዳሰቡትም ጥሬ ገንዘብን ፈጽሞ የሚያስቀር አይደለም። በከሚሴ፣ በባቲና በሰንበቴ ገበያ ለሚገበያየው ወገናችን የሚጠቅመው ውድ ስልክ መግዛቱ ሳይሆን ዐሥሩን አኃዞች ማወቁና ቁልፉን በእጁ ማድረጉ ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ በዚህ ሳምንት ለአንድ ለማያነብብ ዘመዱ እነዚህን አኃዞች ቢያስተምር ከብዙ ክርክር የበለጠ ሥራ እንደ ሠራ ይቈጠርለታል።