ጆይስቲክ ሲጨበጥ ልብ ምን ይሆናል?

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አስገራሚ ጥናት አሳተሙ። 27 ሰዎች ሰብስበው በሦስት ቀናት ውስጥ ለሰባት ሰዓት ያህል ቴትሪስ የተባለውን ጌም አጫወቷቸው። ከዚያም እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ምን እንደሚታያቸው ጠየቋቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት የጌሙ ቅርጾች ዓይናቸው ላይ እንደሚመላለሱ ተናገሩ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአምስቱ ሰዎች ነገር ነው። እነዚህ አምስቱ በአንጎል ጉዳት ምክንያት አዲስ ነገር በትውስታቸው መያዝ የማይችሉ ሕሙማን ነበሩ። ከእነሱ መካከል ሦስቱ ጌሙን መጫወታቸውን ጭራሽ ረስተው ሳለ ቅርጾቹ ግን ታይተዋቸዋል።

ስለ ቪዲዮ ጌም ወሬ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ጊዜ ያባክናል» በሚሉና «መዝናኛ ነው» በሚሉ ሰዎች መካከል ተወስኖ ይቀራል። ጌሙ በተጫዋቹ ስሜት ላይ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መልሱ ደግሞ ከጌም ጌም ይለያያል። አንዱ ያስፈራል፣ አንዱ ያናድዳል፣ ሌላው ከማያውቁት ሰው ጋር ያፋቅራል፣ ሌላው ጸጸት ያሳድራል። ፊልም የሚመለከት ሰው በገጸ ባሕርይው ላይ ለደረሰው ነገር ያዝናል እንጂ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» አይልም። ጌም ሲሆን ግን ሯጩም፣ ተኳሹም፣ ወሳኙም ተጫዋቹ ራሱ ነው። ድሉም ጥፋቱም የሚጻፈው በእሱ ስም ነው።

ቴትሪስ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ጌሙን የፈጠረው በ1984 ሞስኮ ውስጥ፣ በሶቪየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ሲሠራ ነው። ኤሌክትሮኒካ 60 የሚባለው ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን በቅንፍ ምልክቶች ገጣጠማቸው። ጌሙ ታሪክ የለውም፣ ጀግናም የለውም፤ ያሉት ሰባት ቅርጾች ናቸው። በትክክል የተሞላ መስመር ወዲያው ይጠፋል፣ የተሳሳተው ግን ተከምሮ ይቀራል። ተጫዋቹ አንዱን አስቀምጦ ሳይተነፍስ ቀጣዩ ይወርዳል። የሥነ ልቦና ሊቁ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ ሥራው ከሰውየው ችሎታ ጋር ሲመጣጠን፣ ሳይቀልለትም ሳይከብደውም ሲቀር፣ ሰው ጊዜንና ራሱን ረስቶ በሥራው እንደሚዋጥ አስተምሯል። ቴትሪስ ተጫዋቹ እየጎበዘ በሄደ ቁጥር ስለሚፈጥን ይህን ሚዛን ለረጅም ጊዜ ጠብቆ ያቆየዋል።

ፍጥነት ፍርሃትንም ይፈጥራል። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ በ1978 ባወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከሰማይ የሚወርዱት ጠላቶች ቁጥራቸው ሲቀንስ ፍጥነታቸው ይጨምራል። ነገሩ መጀመሪያ ታቅዶ የተደረገ አልነበረም። በስክሪኑ ላይ ያሉት ጠላቶች ሲያንሱ የማሽኑ ሥራ ስለሚቀልል የቀሩት ይፈጥናሉ። የጌሙ ፈጣሪ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ውጤቱን ወደደውና እንዳለ ተወው። ከበስተጀርባ የሚሰማው የአራት ድምፆች ዜማም አብሮ ይፈጥናል። ተጫዋቹ ወደ ድል በቀረበ መጠን ልቡ ይበልጥ የሚመታው ለዚህ ነው።

ከ21 ዓመት በኋላ የወጣው «ሳይለንት ሂል» በሌላ መንገድ ሄደ። የያኔው ፕሌስቴሽን አንድን ከተማ እስከ ዳር ድረስ አሟልቶ የማሳየት አቅም ስላልነበረው፣ የሠሪው ኩባንያ የኮናሚ ባለሙያዎች ከተማዋን በጉምና በጨለማ ሸፈኗት። ልጁን ፍለጋ የሚንከራተተው አባት ከጥቂት እርምጃ በላይ አርቆ አያይም። በኪሱ የያዛት ትንሽ ራዲዮ አውሬ ሲቀርብ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ታሰማለች። አውሬው መኖሩ ይታወቃል፣ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አይታወቅም። ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ትዕይንቱ እስኪያልፍ መጠበቅም አይችልም። እሱ እግሩን ካላነሳ ታሪኩ ወደፊት አይሄድም።

የንዴት ነገር ከተነሳ «ዳርክ ሶልስ»ን መዝለል አይቻልም። በ2011 በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት የተሠራው ይህ ጌም ተጫዋቹን ደጋግሞ ይገድለዋል። ሲሞት የሰበሰበው «ሶልስ» የተባለ ሀብት የሞተበት ቦታ ላይ ይቀራል። ለማንሳት ሲመለስ መንገድ ላይ እንደገና ከሞተ፣ የመጀመሪያው ክምችት ለዘለዓለም ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጆይስቲኩን ወርውሮ ይነሳል። ሌላው ግን ተመልሶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ጠላቱ የሚሰነዝርበት መንገድ የሚታወቅና የሚጠና ነው። በአሥረኛው ሽንፈት ላይ ሰውየው ግራውን ከቀኙ ይለያል፣ በሃያኛው ይሸሻል፣ በሠላሳኛው ይጥላል። ያን ጊዜ የሚሰማው ደስታ በቀላል ጌም አይገኝም። የዴንማርኩ የጌም ተመራማሪ ጄስፐር ዩል በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ በኑሮው ሽንፈትን የሚሸሽ ሰው ደጋግሞ የሚሸነፍበትን ጌም ለምን ይፈልጋል? ጌሙ ብቁ አለመሆንን ካሳየ በኋላ ብቁ መሆኛውን ዕድል አብሮ ስለሚሰጥ ነው ይላል ዩል።

ድል ሁልጊዜ ደስታ ያመጣል ማለት ግን አይደለም። የፉሚቶ ኡዌዳ «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ» በ2005 ሲወጣ ብዙ ተጫዋቾችን ግራ አጋብቷል። አንድ ወጣት የሞተችን ልጃገረድ ወደ ሕይወት ለመመለስ 16 ግዙፍ ፍጥረታትን መግደል አለበት። አንዳንዶቹ ሰው ካልነካቸው የማይነኩ ናቸው። ፍጥረቱ ሲወድቅ የሚሰማው የሐዘን ዜማ ነው፤ ፉከራ የለም። ተጫዋቹ ያሸነፈው እሱ ሆኖ ሳለ ልቡ ከተሸናፊው ጋር ይቀራል።

የፖላንዱ 11 ቢት ስቱዲዮስ በ2014 ያወጣው «ዚስ ዋር ኦቭ ማይን» ጸጸቱን ወደ ጦርነት ይወስደዋል። ከ1992 እስከ 1996 በዘለቀው የሳራዬቮ ከበባ መነሻነት የተሠራ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የሚመራው ወታደር ሳይሆን በተከበበች ከተማ ውስጥ የሚራቡና የሚበርዳቸውን ሲቪሎች ነው። ሌሊት ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት ያጋጥማቸዋል። ምግባቸውንና መድኃኒታቸውን መውሰድ ይቻላል፣ የሚከለክል ኃይል የለም። የወሰደው ገጸ ባሕርይ ግን በማግስቱ በሐዘን ይዋጣል። ርቦት ያለቀሰን ሰው ለማዳን ሌላውን ለረሃብ መተው ምን እንደሆነ ተጫዋቹ በራሱ ውሳኔ ይቀምሰዋል። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ጌሙን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች መካከል አካትቶታል።

ፍቅርም በጌም ይገኛል። በጄኖቫ ቼን መሪነት ተሠርቶ በ2012 የወጣው «ጀርኒ» አንድ ካባ የለበሰ መንገደኛን በረሃ አቋርጦ ወደ ተራራ ይወስዳል። መንገድ ላይ ከሌላ የዓለም ጥግ የሚጫወት አንድ ሰው ይገናኘዋል። ስም አይታይም፣ መነጋገርም አይቻልም፤ ያለው መጠራሪያ አጭር የዜማ ድምፅ ብቻ ነው። ሠሪዎቹ በሙከራ ወቅት ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲገፋፉ በማየታቸው መገፋፋትን ከጌሙ አውጥተው፣ ሁለቱ ሲጠጋጉ አንዱ ለሌላው የመብረር ኃይል እንዲሰጥ አደረጉ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የባልንጀራው መለያ ስም የሚታየው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ሰዓት ዕንባ የተናነቃቸው ተጫዋቾች ብዙ ናቸው። ሕጉ ሲለወጥ የሰው ጠባይ አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በጌም ዓለም ማግኘት ይከብዳል።

በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ባሉ ፕሌስቴሽን ቤቶች ደግሞ ስሜቱ የጋራ ነው። እዚያ ንጉሡ የእግር ኳስ ጌም ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይይዛሉ፣ ከኋላቸው የቆሙት ተራ ጠባቂዎች አሠልጣኝም፣ ዳኛም፣ ተንታኝም ይሆናሉ። የአርሰናል ደጋፊ በማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ያገባት ግብ እስከ ሰፈር ድረስ ትወራለች። ያው ልጅ ያንኑ ጌም ቤቱ ለብቻው ከኮምፒውተሩ ጋር ቢጫወት ያን ያህል አይጮኽም፣ ያን ያህልም አይናደድም። እዚህ የሚያሸንፈውም የሚያፍረውም በሰው ፊት ነው።

ሰዎች ራሳቸውም ይለያያሉ። እንግሊዛዊው የጌም ንድፍ ባለሙያ ሪቻርድ ባርትል በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፤ ነጥብና ደረጃ የሚያሳድዱ፣ አዲስ ቦታ ማሰስ የሚወዱ፣ ለወግና ለወዳጅነት የሚመጡ፣ ሌላውን ማሸነፍ የሚያረካቸው። አንዱ በደስታ የሚያመሽበት ጌም ሌላውን በሩብ ሰዓት የሚያሰለቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጌም በስሜት ላይ ያለው ኃይል ያለ አደጋ አይመጣም። የቬትናሙ ዶንግ ንዌን «ፍላፒ በርድ» የተባለችውን ቀላል የስልክ ጌም በ2013 አውጥቶ በዓለም ዙሪያ ከታወቀ በኋላ፣ ሰዎች ሱስ እንደሆነባቸው በማየቱ በየካቲት 2014 ራሱ ከገበያ አወጣት። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም መታወክን አስገብቷል። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ኑሮው ሲያስቀድመውና እየጎዳው ሲቀጥልበት፣ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወር ሲዘልቅ ነው። በጌም ውስጥ በገንዘብ ተገዝተው ውስጣቸው ምን እንዳለ ከተከፈቱ በኋላ የሚታወቁ ጥቅሎችም ሌላ ፈተና ናቸው። ቤልጂየም በ2018 ቁማር ናቸው ብላ ከወሰነች በኋላ የ«ፊፋ» ጌም አሳታሚ በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር የጥቅል መግዣ ነጥቦችን መሸጥ አቁሟል።

ወላጆች በብዙ ጌሞች ሽፋን ላይ የሚያዩት 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር በአውሮፓ ከ2003 ጀምሮ የሚሠራበት የዕድሜ መለያ ነው። ቁጥሩ በዋናነት የሚነግራቸው ስለ ግፍ፣ ስለ አስፈሪ ትዕይንትና ስለ ጸያፍ ቃል ነው። «ፊፋ» 3 ቁጥር እየተለጠፈበት ጥቅል ሲሸጥ ቆይቷል። ከ2020 ወዲህ የዕድል ዕጣ ያለባቸው ግዢዎች በሽፋኑ ላይ ለብቻቸው ስለሚጻፉ ያንንም ማንበብ ያስፈልጋል። ልጁ በየትኛው ጌም እንደሚቆጣ፣ ከየትኛው ተነስቶ በሰላም እራት እንደሚበላ፣ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሳው ግን የትኛውም ቁጥር አይናገርም። ያንን ለማወቅ አጠገቡ ተቀምጦ ሁለተኛውን ጆይስቲክ መያዝና አብሮ ጥቂት ዙር መጫወት፣ ከዚያም ምን እንደተሰማው መጠየቅ ያስፈልጋል።