ሳይቆረጥ የሚያበላ ደን፦ አንድ የአማዞን ኢኮ ሎጅ እንዴት ይሠራል?

በጉዞ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ «ኢኮ ሎጅ» የሚለው ስያሜ በርክቷል። የዘንባባ ቅጠል ክዳን፣ የእንጨት በረንዳ፣ ከበስተጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚታይበት ፎቶግራፍ ካለ ስሙ በቀላሉ ይለጠፍለታል። ክዳኑ ግን ስለ ማረፊያው ብዙም የሚናገረው ነገር የለም። በሐሩር ክልል ዝናባማ ደን ውስጥ የተሠራ ሎጅ ደኑን ይጠብቃል ወይስ ያሳሳዋል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብም በማን እጅ እንደሚገባ በማጣራት ነው። ለዚህ በተመራማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ በደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ በታምቦፓታ ወንዝ ዳር የሚገኘው ፖሳዳ አማዞናስ ነው።

ሎጁ የቆመበት መሬት የኢንፊየርኖ ማኅበረሰብ ይዞታ ነው። ኢንፊየርኖ በስፓኒሽ ቋንቋ «ሲኦል» ማለት ሲሆን፣ ለእንግዳ መቀበያነት የማይመች ስም መሆኑን ነዋሪዎቹም ያውቁታል። በዚህ መንደር የኤሴ ኤሃ ነባር ሕዝብ፣ በወንዙ ዳርቻ ከቆዩ ቤተሰቦችና ከአንዲስ ተራሮች ወርደው ከሰፈሩ ገበሬዎች ጋር አብሮ ይኖራል። ማኅበረሰቡ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ለሚጠጋው መሬቱ ሕጋዊ የይዞታ ማረጋገጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነበር። ይህ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ በእጁ የያዘው መሬት የሌለው ሰው በሌላው ሎጅ ውስጥ ተቀጣሪ እንጂ ተዋዋይ ሊሆን አይችልምና።

እ.ኤ.አ. በ1996 ማኅበረሰቡ ሬይንፎረስት ኤክስፔዲሽንስ ከተባለ የፔሩ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ለ20 ዓመት የሚቆይ የሽርክና ውል ተፈራረመ። በዚያ ውል መሠረት ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ ይሆን ነበር። የአስተዳደር ውሳኔ ግን እኩል ለእኩል ነበር። ነዋሪዎቹ የመረጡት የቁጥጥር ኮሚቴ ስለ ሠራተኛ ቅጥርም ሆነ ስለ እንግዳ አቀባበል ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ይወስን ነበር። ከትርፍ ክፍፍሉ ይልቅ ይህኛው አንቀጽ ሳይበልጥ አይቀርም። ብዙ የቱሪዝም ድርጅቶች ለአካባቢው ሰው ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ሥልጣን ግን አይሰጡም። በውሉ ዘመን የማኅበረሰቡ አባላት በጀልባ ነጂነት፣ በምግብ አብሳይነት፣ በአስጎብኚነትና በአስተዳዳሪነት ሠልጥነው፣ በመጨረሻ ሎጁን ራሳቸው መረከብ እንዲችሉ ታስቦ ነበር።

ሎጁ በ1998 ተከፈተ። ግንባታው ከአካባቢው በተገኘ እንጨት፣ ሸምበቆና የዘንባባ ቅጠል የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። በአራተኛው በኩል ክፍሉ ለደኑ ክፍት ነው። እንግዳው በአጎበር ተሸፍኖ ይተኛል፤ ሌሊቱን የእንቁራሪቶችን ጩኸት፣ ንጋት ላይ ደግሞ እንደ ሩቅ ነፋስ የሚያጓራውን የሃውለር ጦጣ ድምፅ ይሰማል። ይህ አሠራር ለትዕይንት ብቻ የተመረጠ አይደለም። እርጥበት በበዛበት ደን ውስጥ የተዘጋ ክፍል ይሻግታል፤ ለማቀዝቀዝም የነዳጅ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። ክፍት ክፍል ግን አየሩን ራሱ ያዘዋውራል።

እንግዶቹ ይህን ያህል ርቀት የሚጓዙት በዋናነት እንስሳቱን ለማየት ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረው ማካው የተባሉት ትልልቅ በቀቀኖች አፈር የመብላታቸው ጉዳይ ነው። ማለዳ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ላባ ያላቸው ወፎች በመቶዎች እየሆኑ ወደ ወንዝ ዳር ገደል ይወርዱና ጭቃውን እየቆረሱ ይውጣሉ። በመጀመሪያ የቀረበው ማብራሪያ፣ በቀቀኖቹ ከሚመገቧቸው ያልበሰሉ ፍሬዎች የሚያገኙትን መርዝ ሸክላው ስለሚይዝላቸው ነው የሚል ነበር። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ብራይትስሚዝና ባልደረቦቹ በታምቦፓታ ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ጥናት ግን ወፎቹ አብዝተው የሚመርጡት በሶዲየም የበለጸገውን አፈር መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱ የጂኦግራፊ ነው። የባሕር ጨው በዝናብ አማካኝነት ወደ የብስ ይደርሳል፤ ምዕራባዊው አማዞን ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እጅግ ስለሚርቅ ዝናቡ ጨው አልባ፣ ዕፅዋቱም ሶዲየም የተራቆቱ ናቸው። ከብቶቹን ወደ ቦሌ አፈር የሚነዳ ወይም አሞሌ የሚያስልስ ኢትዮጵያዊ አርብቶ አደር ነገሩን ሳይንቲስቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ሊገምተው ይችል ነበር። አፈር የመብላቱ ነገር በመራቢያ ወቅት የሚያይል ሲሆን፣ ወላጆቹ ለጫጩቶቻቸውም ያጎርሷቸዋል።

ይህ ምርምር ከሎጆቹ ተነጥሎ አይታይም። በዚያው ወንዝ ወደ ላይ ርቆ የሚገኘው የታምቦፓታ የምርምር ማዕከል ሳይንቲስቶችንና ቱሪስቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳድራል፤ የእንግዳው ክፍያ የተመራማሪውን ቆይታ ይደግፋል። ዓመታት የሚፈጅ ምልከታ በአጭር ጊዜ የምርምር ድጎማ ብቻ ሊካሄድ ስለማይችል፣ ይህ ጥምረት ለሳይንሱ ትልቅ ዋጋ አለው።

የሎጁ ሌላ መስህብ፣ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር ተቆርጦ በቀረ የማጭድ ቅርጽ ባለው ሐይቅ ላይ የሚኖረው የግዙፍ ኦተር ቤተሰብ ነው። ኦተር ዓሣ እያደነ የሚኖር ጡት አጥቢ ሲሆን፣ የአማዞኑ ዝርያ ርዝመቱ እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለቆዳው ሲባል በብዛት በመታደኑ ከብዙ ወንዞች ጠፍቷል። ዛሬ የሚያሰጋው የጎብኚዎች ጀልባ ነው፤ እናቲቱ ከተረበሸች ግልገሎቿን በአግባቡ ማሳደግ ይሳናታልና። ስለዚህ ጀልባዎች ከእንስሳቱ ርቀው እንዲቆሙ የሚያስገድድ ደንብ ወጥቷል። እንግዳው በቅርበት ፎቶ ማንሳት አለመቻሉ ቅር ቢያሰኘውም፣ እንዲህ ያለ ክልከላ የሌለበት ሎጅ ቢያጠራጥር ነው የሚሻለው።

የሃርፒ ንስር ታሪክም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ይህ ጦጣና ስሎዝ የሚያድን ኃይለኛ ወፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጫጩት ብቻ ስለሚያሳድግ፣ አንድ ንስር መግደል ለዓመታት የማይተካ ጉዳት ነው። ቀደም ሲል ላባው ለቀስት ይፈለግ ነበር። ሎጁ ከመጣ በኋላ ግን ጎጆው የሚገኝበትን ዛፍ ያልቆረጠ ቤተሰብ ከጎብኚዎች ክፍያ ተጠቃሚ የሚሆንበት መንገድ ተፈጠረ።

ታዲያ ገንዘቡ ደኑን አዳነው ማለት ነው? መልሱ አዎን ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሎጁን ከጅምሩ አንስታ ያጠናችው አንትሮፖሎጂስት አማንዳ ስትሮንዛ የደረሰችበት ግኝት ሁለት ገጽታ አለው። በሎጁ የተቀጠሩ ሰዎች ለማደንና ለማረስ የሚተርፋቸው ጊዜ ቀንሷል። በሌላ በኩል ኪሳቸው የሞላ ቤተሰቦች ሞተር መጋዝ መግዛት፣ የቀን ሠራተኛ መቅጠርና ማሳቸውን ማስፋት ቻሉ። በመሆኑም ገቢ ብቻውን ጥበቃን አያመጣም። ለውጥ የታየው ሰዎቹ በውሳኔው ውስጥ ሲሳተፉ፣ ስለ መሬታቸውና ስለ ማንነታቸው በራሳቸው መናገር ሲጀምሩ ነው።

ከማኅበረሰቡ አቅም በላይ የሆነ ፈተናም አለ። ፔሩን ከብራዚል የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በማድሬ ዴ ዲዮስ ክልል በኩል ሲያልፍ ወርቅ ፈላጊዎችን ይዞ መጣ። ወርቁ በወንዝ ደለል ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ ቆፋሪዎቹ በሜርኩሪ ያጣብቁታል፤ ከዚያም በእሳት ያተኑታል። የተረፈው ሜርኩሪ በውኃ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ይበልጥ ወደሚመርዝ ውሕድ ተለውጦ በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል፤ ዓሣውን ወደሚበሉት ሰዎችና ኦተሮችም ያልፋል። ላ ፓምፓ በተባለው የቁፋሮ ሥፍራ ደኑ ተመንጥሮ ኩሬ የተረጨበት አሸዋ ብቻ ቀርቷል። የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ወታደሮችንና ፖሊሶችን ልኮ ቆፋሪዎቹን ከዚያ አስወጥቷል። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ የቱሪዝም ገቢ በአንድ ጊዜ ደረቀ። በእንግዳ ብቻ የሚተዳደር ጥበቃ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያኔ ታየ። የወርቅ ዋጋ ግን እንግዳ አይጠብቅም።

ጉዞው ራሱም ንጹሕ አይደለም። ከአውሮፓ ሊማ ደርሶ መልስ የሚበር ሰው በድርሻው ከአንድ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከባቢ አየር ይለቃል፤ በሎጁ ውስጥ በፋኖስ ማምሸቱ ያንን አያካክስም። ስለዚህ አንዴ ከተሄደ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት፣ በየሁለት ቀኑ ከሎጅ ወደ ሎጅ ከመዝለልም መቆጠብ ይመረጣል።

ከውጭ አገር ሆነው እንዲህ ያለ ማረፊያ ለመያዝ የሚያስቡ ሰዎች አስጎብኚውን በጽሑፍ ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ፦ መሬቱ በማን ስም ነው? የአካባቢው ሰዎች ድርሻ በውል የታወቀ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ ነው? አስተዳዳሪዎቹ ከየት መጡ? ፍሳሹስ ወዴት ይሄዳል? በትክክል የሚሠራ ድርጅት እነዚህን በቁጥርና በስም ይመልሳል፤ ሌላው ስለ ወፎቹ ውበት ይጽፋል።

ወደ ታምቦፓታ ለሚሄዱ፣ ከጉዞው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድ፣ ስለ ወባ መከላከያም ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ዝናቡ የሚቀንሰው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። በሰኔና በነሐሴ መካከል ግን ፍሪያሄ የሚባል ቀዝቃዛ ነፋስ ከደቡብ ይነሣና ሙቀቱን በአንድ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ለሐሩር አገር ብለው ስስ ልብስ ብቻ የያዙ እንግዶች በዚያ ሦስት ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ሲደርቡ ያድራሉ።