ጥላሸት የለበሰ ቀለሃ ምን ይነግረናል?

በፉከራ ስሙ የሚነሣው ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ነው። በአገራችን የተተኮሱ ቀለሃዎች ተለቅመው እንደገና ባሩድ ይሞሉ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ ሳይሆን ወደ ጠጣር ቅሪት ስለሚለወጥ፣ የቀለሃው አንገት መጥቆሩ አያስገርምም።

እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚማርከን ጥላሸቱ ከአንገቱ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ነው። በተኩስ ቅጽበት ነሐሱ በጋዙ ግፊት ተለጥጦ ከጠመንጃው የውስጥ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ የጋዙንም መመለሻ ይደፍናል። ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይሰበሰባል። ግፊቱ ካነሰ ግን ጋዙ በጎን ያፈተልካል፤ በደባርቅ ውርጭ የቀዘቀዘ ባሩድ ዝግ ብሎ ስለሚነድ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ነሐሱም በተደጋጋሚ ተተኩሶ ከደነደነ አልለጠጥ ይላል፤ የሚተወውም ጥላሸት ያንኑ ይመስላል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የደነደነ አንገት የሚለሰልሰው በልኩ ሲግል ነው። ጥላሸቱን አይቶ ባሩድ የሚጨምር ሰው ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።