ካሴት ያሳደገው ጆሮ

ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ዕድሜው 83 ነበር። እኔ ከምኖርበት ከአሰላ በአዳማ በኩል ያለው መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁርሱን በልቶ የተነሳ ሰው ምሳውን አዲስ አበባ ይበላል። እኔ አልሄድኩም። በሃያ ዓመቴ ቢሆን ገብስ በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬም ቢሆን በሄድኩ ነበር። ዘፋኙን ጠልቼው አይደለም፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲጠና ቤቴን ዘግቼ የምሰማው ዛሬም እሱኑ ነው። ታዲያ ጉጉቱ የት ገባ?

አንዱ መልስ ከጉሮሮ ይጀምራል። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታሮች ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የጡንቻ እጥፋቶች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻው ይሳሳል፤ አውታሮቹ ሲገጥሙ በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ዙሪያቸውን የያዘው ለስላሳ አጥንት ይደርቃል፣ የሳንባም ጉልበት ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸሸው ላይኛው ድምፅ ነው። ለዚህም ነው በየአገሩ ባንዶች አንጋፋ ዘፋኝ ሲያጅቡ ኪውን፣ ማለትም የዘፈኑን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ የሚያደርጉት። ብልሃት ነው እንጂ ነውር የለበትም።

ጆሮ ግን ይታዘባል። ተመራማሪው ዳንኤል ሌቪቲን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች የሚወዱትን ዘፈን ከትዝታቸው እንዲያዜሙ ጠየቀ። ከመቶ 40ዎቹ ቢያንስ በአንዱ ሙከራ ልክ በቅጂው ኪ ዘፈኑ። ዘፈንን ደጋግሞ የሰማ ሰው ከዜማው ጋር የድምፁን ከፍታም ይዞ ይቀራል ማለት ነው። (የእኔ ትዝታ ያጠራጥራል፤ ድንጋዩ የደከመ ቴፕ ሁሉን ነገር ያጓትትብኝ ነበር።)

ቀሪው ሥራ የአንጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሞንትሪያል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በምንወደው ዘፈን ውስጥ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የሚፈሰው ሰውነትን የሚወርረው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን፣ ገና ሊደርስ ሲልም ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሒሳብም ያውቃል፦ ያገኘነው ከጠበቅነው ሲበልጥ ይጨምራል፣ እኩል ሲሆን ዝም ይላል፣ ሲያንስ ይወርዳል። እንደ እኔ ያለው አድማጭ የሚጠብቀው ደግሞ የካሴቱን ማህሙድ ነው። ካሴቱ ዋናው፣ ሰውየው ቅጂው ሆነዋል። ትኬት ሳልቆርጥ ኪሳራዬን አስቀድሜ ያሰላሁት ለዚህ ይመስለኛል፤ ለዘፋኙ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ ግን አንጎል ይሉኝታ የለውም።

በሒሳቡ ያልገባው ሕዝቡ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳተሙት፣ በአንድ ምት አብረው የጨፈሩ ሰዎች ሕመምን የመቻል አቅማቸው ከፍ ይላል፣ እርስ በርስም ይቀራረባሉ። በአርሲ ሰርግ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ያደረ ሰው ይህን ለማወቅ ኦክስፎርድ አያስፈልገውም።

በኮንሰርቱ ምሽት ከአዳራሹ የደወለልኝ ጓደኛዬ ስልኩን ወደ ላይ ይዞልኝ ነበር። የሰማሁት ሕዝቡን ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ ከውስጡ አልለይ አለኝ። እኔም አሰላ ሆኜ አብሬ አዜምኩ፤ በየትኛው ኪ እንደነበር እንጃ።